የጓደኛሞች የቤዝቦል ሲሙሌሽን ሊግ፦ ሳይበተን እስከ ፍጻሜው የሚያደርስ የውስጥ ደንብ አወጣጥ

በካርድና በዳይስ ወይም በኮምፒውተር የሚካሄድ የቤዝቦል ሊግ ከጓደኞቻችሁ ጋር ጀምራችሁ መሃል ላይ ከቆመባችሁ፣ ጥፋቱን በጨዋታው ወይም በጓደኞቻችሁ ላይ አትጣሉ። ሊጉ የፈረሰው ደንቡ ስላልተጻፈ ነው። ጠብ የሚነሳው ደግሞ ሁልጊዜ ከሦስት ቦታ ነው፦ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተጫወተን ተጫዋች ያለ ልክ ከማሰለፍ፣ በቀጠሮ ካለመገኘትና ከተጫዋች ልውውጥ። ይህ መመሪያ የእነዚህን ሦስት ጉዳዮች ደንብ ሳይቃጠል በቅጠል እንድትጽፉ ያግዛል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተረዱ። ፋንታሲ የሚባለው፣ በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት ነጥብ የሚያዝበት ጨዋታ፣ በዚህ ሳምንት በሜዳ ላይ የሆነውን ይቆጥራል። ሲሙሌሽን ግን ያለፈ የውድድር ዘመንን አኃዝ ወደ ዕድል ለውጦ አዲስ ጨዋታ ያጫውታል። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለምሳሌ የምንጠቀመው 8 አሰልጣኞች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ቡድን የሚመሩ 8 ጓደኞች፣ ያሉበትን ሊግ ነው፤ ቁጥራችሁ ከተለየ ስሌቱን በራሳችሁ ቁጥር ድገሙት።

## ደረጃ 1፦ ከመሰብሰባችሁ በፊት አራት ነገር ወስኑ

1. ጨዋታውን ምረጡ። ከ1961 ጀምሮ እንዳለው እንደ ስትራት ኦ ማቲክ ያለ የካርድና የዳይስ ጨዋታ ነው ወይስ እንደ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ያለ የኮምፒውተር ጨዋታ? ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እትም ይያዝ። የካርድ ጨዋታ ከሆነ መሠረታዊውን ወይስ የላቀውን ሕግ እንደምትጠቀሙ ጻፉ።
2. የውድድር ዘመኑን ምረጡ። የአንድ ዓመት የተጫዋቾች ካርድ ብቻ ተጠቀሙ። ዓመታትን ማደባለቅ ለጀማሪ ሊግ አይመከርም።
3. ሰብሳቢ ሰይሙ። ሰብሳቢው መርሃ ግብሩን ያወጣል፣ መዝገቡን ይይዛል፣ ደንቡ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ ይወስናል። የራሱ ቡድን የሚነካበት ጉዳይ ሲመጣ የሚተኩት ሁለት ሰዎችም ከአሁኑ ይታወቁ።
4. ደንቡን በአንድ ሰነድ ጻፉ። ሁሉም አንብቦ «ተስማምቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ የተጫዋቾች ምርጫ (አሰልጣኞች ተጫዋቾቻቸውን በተራ የሚመርጡበት) አይጀመር። መዋጮ ካለም ከምርጫው በፊት ይሰብሰብ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ደንቡን እየተጫወትን እናወጣዋለን» የሚል ሰው ቢኖር እሺ አትበሉ። አንድ ሰው ቡድኑን ከመረጠ በኋላ የሚወጣ ደንብ ሁሉ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ይጎዳል፤ የተጎዳውም ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል።

## ደረጃ 2፦ መርሃ ግብሩን ከጊዜያችሁ ጋር አስታርቁ

እውነተኛው የሜጀር ሊግ (የአሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ውድድር) ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል። ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ጓደኛሞች ይህን አይሞክሩት።

ለ8 ቡድን የሚሆን አካሄድ ይኸውና። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ የሚደረግበትን አንድ ቀጠሮ «ግጥሚያ» ብላችሁ ሰይሙ። እያንዳንዱ ቡድን ከ7ቱ ተጋጣሚዎች ጋር ሁለት ሁለት ግጥሚያ ያድርግ፤ አንዱ በሜዳው፣ ሌላው ከሜዳው ውጪ። ይህ 14 ግጥሚያ፣ በአጠቃላይ 42 ጨዋታ ይሆናል። በሳምንት አንድ ግጥሚያ ብትመድቡ 14 ሳምንት ይፈጃል።

ከሰባተኛው ግጥሚያ በኋላ አንድ ባዶ ሳምንት አስገቡ። የዘገዩ ግጥሚያዎች የሚሟሉት፣ የአጠቃቀም መዝገብም የሚመረመረው በዚያ ሳምንት ነው። ይህን ሳምንት የዘለለ ሊግ የኋላ ዕዳውን እስከ መጨረሻው ተሸክሞ ይሄዳል።

## ደረጃ 3፦ የአጠቃቀም ገደብ

ከደንቡ ሁሉ ከባዱም ዋናውም ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

### ለምን ያስፈልጋል?

የ1998ቱን የኒው ዮርክ ያንኪስ ተጫዋች ሼን ስፔንሰርን ውሰዱ። በዚያ ዓመት በይፋ የተቆጠረለት የመምታት ሙከራ 67 ብቻ ነበር፤ በእሱም 10 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ አውጥቶ ነጥብ የሚያስቆጥር ምት) መታ። ካርዱ ወይም ፕሮግራሙ የሚያውቀው ይህን ምጣኔ ብቻ ነው። ያለ ገደብ ካሰለፋችሁት በ600 ሙከራ ወደ 90 ሆም ረን ሊመታ ነው፤ ባሪ ቦንድስ በ2001 ያስመዘገበው የምንጊዜም ክብረ ወሰን ግን 73 ነው።

በወርዋሪ፣ ማለትም ኳሱን ለመቺው በሚወረውረው ተጫዋች፣ በኩልም እንዲሁ ነው። ፔድሮ ማርቲኔዝ በ2000 ለቦስተን ሬድ ሶክስ 29 ጨዋታ ጀምሮ 217 ኢኒንግ (አንድ መደበኛ ጨዋታ 9 ኢኒንግ የሚባሉ ክፍሎች አሉት) ወረወረ። ገደብ ከሌለ አሰልጣኙ በየጨዋታው ያስጀምረዋል፤ ተጋጣሚውም ካርዱን ባየ ቁጥር ተስፋ ይቆርጣል።

### ስሌቱ

1. ተጫዋቹ በእውነተኛው የውድድር ዘመን ስንት የመምታት ተራ እንደነበረው እዩ። ለወርዋሪ ኢኒንጉንና የጀመራቸውን ጨዋታዎች ውሰዱ። የመምታት ተራ ስትቆጥሩ በነጻ ወደ ቤዝ (ሯጩ ሊደርስበት ወደሚገባው ማረፊያ) የተላለፈባቸውንም ጨምሩ።
2. በእናንተ ሊግ የጨዋታ ብዛት አባዙት፤ ማለትም በ42።
3. እውነተኛው ቡድን ባደረገው የጨዋታ ብዛት፣ በመደበኛ ዓመት በ162፣ አካፍሉት።
4. ለአጋጣሚ 10 በመቶ ጨምሩ።
5. ክፍልፋዩን ጣሉት።

200 የመምታት ተራ የነበረው መቺ፦ 200 × 42 ÷ 162 = 51.85። 10 በመቶ ሲጨመር 57 ተራ ይፈቀድለታል። 60 ኢኒንግ የወረወረ ተቀያሪ ወርዋሪ በተመሳሳይ ስሌት 17 ኢኒንግ ያገኛል። ማርቲኔዝ 8 ጨዋታ ብቻ መጀመር ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉም ዓመት 162 ጨዋታ አልነበረውም። በ2020 የታቀደው 60 ጨዋታ ነበር፤ የ1981 እና የ1994 ዓመታት በሥራ ማቆም አድማ ተቆርጠዋል፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት ደግሞ መርሃ ግብሩ 154 ጨዋታ ነበር። በአጠረ ዓመት በ162 ካካፈላችሁ ሙሉ ዓመት የተሰለፈውን ተጫዋች ሳይቀር ታግዱታላችሁ። የተጫዋቹን ቡድን ትክክለኛ የጨዋታ ቁጥር ፈልጋችሁ በእሱ አካፍሉ።

### መዝገቡን ለማቅለል

የሁሉንም ሰው መቁጠር አሰልቺ ነው፤ ሰው ሲሰለቸው ደግሞ መቁጠሩን ይተዋል። ስለዚህ ለመቺዎች የባለሙያዎቹን መለኪያ ተዋሱ። በሜጀር ሊግ ለምርጥ መቺነት ደረጃ ብቁ የሚሆነው ቡድኑ ላደረገው ለእያንዳንዱ ጨዋታ 3.1 የመምታት ተራ ያለው ነው፤ በ162 ጨዋታ 502 ተራ መሆኑ ነው። 502 እና ከዚያ በላይ ያለውን መቺ ከገደብ ነጻ አድርጉት፤ የምትቆጥሩት ከዚያ በታች ያሉትን ብቻ ይሁን። ወርዋሪዎች ላይ ግን ነጻ የሚባል አይኑር።

### የወርዋሪ ዕረፍት

- ቋሚ ወርዋሪ ጨዋታ ከጀመረ በኋላ የቡድኑ ቀጣይ 4 ጨዋታዎች ይለፉት።
- ተቀያሪ ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ከ2 ኢኒንግ፣ በአንድ ግጥሚያ ከሁለት ጨዋታ በላይ አይግባ።
- ቋሚ ወርዋሪ በዕረፍት ቀኑ እንደ ተቀያሪ መግባቱን ከልክሉ። ይህን መስመር ያልጻፈ ሊግ በመጀመሪያው ጥብቅ ጨዋታ ላይ ይጣላል።

### ገደቡ ሲታለፍ

ቅጣቱ ከአሁኑ ይጻፍ። እስከ 5 የመምታት ተራ ወይም 2 ኢኒንግ ያሳለፈ ተጫዋች በፍጻሜ ውድድር አይሰለፍም። ከዚያ በላይ ከሆነ አሰልጣኙ በሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ ይመርጣል። የጨዋታውን ውጤት ግን አትሰርዙ፤ አንድ ውጤት መሰረዝ የሦስተኛ ወገን ደረጃ ይለውጣል። ከዚህ የሚለየው በመጨረሻው ሳምንት እያወቀ የታገደ ተጫዋች ያሰለፈ ነው። እሱ በፎርፌ ይሸነፋል፤ የቤዝቦል የፎርፌ ውጤት 9 ለ 0 ነው።

ወርዋሪዎች ሁሉ ካለቁባችሁስ? ተጨማሪ ኢኒንግ የበዛበት ጨዋታ ይህን ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ አንድ መውጫ ጻፉ፦ ሰብሳቢው ካልተመረጡት ወርዋሪዎች መካከል ደካማውን ለአንድ ጨዋታ በውሰት ይሰጣል። የውሰቱ ወርዋሪ ጥሩ ከሆነ ሰዎች ሆን ብለው ወርዋሪ መጨረስ ይጀምራሉና፣ ደካማነቱ ላይ አትደራደሩ።

## ደረጃ 4፦ የተጫዋቾች ምርጫ

1. የምትመርጡበትን ክልል አጥብቡ። 8 ቡድን በ26 ተጫዋች 208 ሰው ነው። ከ30ዎቹ የሜጀር ሊግ ቡድኖች ሁሉ ከመረጣችሁ ተጠባባቂው ሳይቀር ኮከብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የአጠቃቀም ገደቡም ማንንም አያስጨንቅም። ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች ከአንዱ፣ ከአሜሪካን ሊግ ወይም ከናሽናል ሊግ፣ ብቻ ምረጡ። የመጨረሻዎቹ ምርጫዎች የሚያሳስቡት ያኔ ነው።
2. ተራውን በዕጣ አውጡ፤ በየዙሩም ገልብጡት። በመጀመሪያው ዙር ስምንተኛ የመረጠ በሁለተኛው አንደኛ ይሆናል።
3. ሰዓት ወስኑ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች 90 ሴኮንድ፣ ለቀሪዎቹ 16 ዙሮች 45 ሴኮንድ ስጡ። ሁሉም ሰዓቱን ሙሉ ቢጠቀም እንኳ በ3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያልቃል።
4. ዝቅተኛ ግዴታ ጣሉ። ቢያንስ ሁለት ተቀባይ (የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበል)፣ ሁለት ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል) መጫወት የሚችሉ፣ አምስት ቋሚ ወርዋሪ። ማንም ተጫዋች በካርዱ ላይ ባልተጻፈ የመከላከል ቦታ አይሰለፍም።
5. ከመበተናችሁ በፊት ኢኒንጉን ደምሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አንድ ቡድን ለ162 ጨዋታ 1,458 ኢኒንግ ያስፈልገዋል። የመረጣችኋቸው ወርዋሪዎች እውነተኛ ኢኒንግ ድምር ከዚህ ካነሰ፣ ሊጉ ሳያልቅ የሚወረውር ሰው ታጣላችሁ። 10 በመቶውን ጭማሪ ተማምናችሁ አትግቡ፤ እሱ ለተጨማሪ ኢኒንጎች የተቀመጠ ነው።

ድምሩ ካልሞላ፦ ምርጫው በተጠናቀቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ከተጠባባቂ መቺዎች አንዱን ለቅቃችሁ ካልተመረጡት ወርዋሪ ውሰዱ። ሁለት ሰው አንድ ወርዋሪ ከፈለገ ቅድሚያው በምርጫው ተራ መጨረሻ ለነበረው ይሁን።

## ደረጃ 5፦ በጨዋታው ወቅት የሚሠሩ ሕጎች

ዳይስ። ሁሉም ዳይስ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይጣል። አንዱ ከሳጥኑ ከወጣ ወይም ጎኑን ተደግፎ ከቆመ ሁሉም እንደገና ይጣላል፤ አንዱን ብቻ መድገም አይቻልም። በስትራት ኦ ማቲክ አንደኛው ዳይስ ከ1 እስከ 3 ሲያሳይ የመቺው ካርድ፣ ከ4 እስከ 6 ሲያሳይ የወርዋሪው ካርድ ይነበባል፤ የሌሎቹ ሁለት ድምር መስመሩን ያመለክታል። ስለዚህ ለይቶ የሚታይ ቀለም ያለው ዳይስ የትኛው እንደሆነ ከመጣሉ በፊት ይታወቅ። ቅያሪ፣ ቤዝ ስርቆትም (ኳሱ ሳይመታ ሯጭ ወደ ቀጣዩ ቤዝ መሮጡ) ሆነ ሌላ ውሳኔ ዳይሱ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት መነገር አለበት።

ኮምፒውተር። ጨዋታው ከተጀመረ ፋይሉን ዘግቶ ከመጀመሪያ መጫወት የተከለከለ ነው። መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ ከተቀመጠው ቦታ ይቀጥላል። ምንም ካልተቀመጠ ሁለቱም አሰልጣኞች ባሉበት እንደ አዲስ ይደረጋል። የጨዋታውን ሙሉ ዝርዝር ለሰብሳቢው መላክ ግዴታ ይሁን።

በየዘመኑ የተለወጡ ሕጎች። ወርዋሪን ተክቶ የሚመታ ተጫዋች በአሜሪካን ሊግ የተጀመረው በ1973 ነው፤ በሁለቱም ሊጎች በቋሚነት የጸናው በ2022። ከአሥረኛው ኢኒንግ ጀምሮ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሯጭ ማስቀመጥና አንድ ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት መቺ እንዲገጥም ማስገደድ በ2020 የመጡ ናቸው። የትኛውን እንደምትቀበሉ አንድ በአንድ ጻፉ። የእኔ ምክር ተክቶ የሚመታውን ተቀበሉ፣ የሁለተኛ ቤዝ ሯጩን ተዉት ነው። ተራዝሞ የሚያልቅ ጨዋታ በጠረጴዛ ላይ ደስታ አለው፤ የወርዋሪ ስብስባችሁንም ይፈትናል።

ጉዳት። ጨዋታው «ለ15 ጨዋታ አይሰለፍም» ካለ፣ በ162 ጨዋታ ከአሥር አንድ እጅ ያነሰ ነው፤ በ42 ግን ከሲሶ ይበልጣል። በአንድ ጉዳት የሚቀርበትን በ4 ጨዋታ ገድቡት።

## ደረጃ 6፦ አሰልጣኙ ሲቀር

እያንዳንዱ አሰልጣኝ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት የትእዛዝ ወረቀት ለሰብሳቢው ያስገባ፤ ቡድኑ ሲለወጥም ያድሰው። ወረቀቱ የሚከተሉትን ይያዝ፦

- ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ወርዋሪና ግራ እጁን ለሚጠቀም ወርዋሪ የተለያየ የመቺዎች ቅደም ተከተል
- የአምስቱ ቋሚ ወርዋሪዎች ተራ
- ቡድኑ ሲመራ፣ ሲመራበትና እኩል ሲሆን የሚገቡት ተቀያሪዎች
- ቋሚው ወርዋሪ ስንት ነጥብ ሲቆጠርበት ወይም በስንተኛው ኢኒንግ እንደሚወጣ
- ቤዝ እንዲሰርቁ የተፈቀደላቸው ሯጮች ስም

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ ባሉት ሁለት ቀናት ሁለቱ አሰልጣኞች ቀጠሮ ይያዙ። የሰዓት ልዩነት ባለባቸው አገሮች የምትኖሩ ከሆነ የማን ሰዓት እንደሆነ ጭምር ይጻፍ። የቀጠረ ሰው ካልመጣ 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ ሌላ ቀን በዚያው ሳምንት ይሞከር። ያም ካልሆነ ግጥሚያው በትእዛዝ ወረቀቱ ይደረጋል፤ የተገኘው አሰልጣኝ የራሱን ቡድን ሲመራ የቀረውን ቡድን ሦስተኛ ሰው ይመራለታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቀረውን ቡድን ተጋጣሚው ራሱ እንዲመራ አትፍቀዱ። ታማኝ ሰው ቢሆንም ውጤቱ ይታማል። በኮምፒውተር የምትጫወቱ ከሆነ ሁለቱንም ለማሽኑ ተዉት።

ፎርፌን ለመቅረት ቅጣት አታድርጉት። በፎርፌ የተሞላ ሰንጠረዥ ማንንም አያስደስትም፤ ከዚያም አልፎ የቀሪዎቹን ቡድኖች ዕድል ያዛባል። ሦስት ግጥሚያ በተከታታይ የቀረ ሰው ግን ሊቀጥል ይፈልግ እንደሆነ ሰብሳቢው በቀጥታ ደውሎ ይጠይቀው። በጽሑፍ መልእክት አይሁን፤ ድምፁን መስማት ብዙ ነገር ይናገራል።

## ደረጃ 7፦ ሪፖርት

የሜዳው ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ይላክ፦ ውጤት፣ የእያንዳንዱ ወርዋሪ ኢኒንግ፣ ገደብ ያለባቸው መቺዎች የመምታት ተራ፣ ጉዳት። ተጋጣሚው በ48 ሰዓት ካልተቃወመ ጸድቋል። ከጸደቀ በኋላ የቁጥር ስህተት ይታረማል፤ የጨዋታ ውሳኔ ግን አይከፈትም።

## ደረጃ 8፦ የተጫዋች ልውውጥ

1. ልውውጥ ከዘጠነኛው ግጥሚያ በኋላ ይዘጋ።
2. ሁለቱም አሰልጣኞች በጽሑፍ ለሁሉም ያሳውቁ። 24 ሰዓት ለተቃውሞ ይሰጥ።
3. ልውውጡ የሚታገደው ከስድስቱ ያልተሳተፉ አሰልጣኞች አራቱ ሲቃወሙ ብቻ ነው። «ብዙ ተጠቅሟል» ማለት ለተቃውሞ አይበቃም፤ ተቃዋሚው ሁለቱ ተመሳጥረዋል የሚልበትን ምክንያት ይጻፍ። ጓደኛን መጥፎ ልውውጥ ከማድረግ ማዳን የሊጉ ሥራ አይደለም።
4. የተጠቀመው ተራና ኢኒንግ ከተጫዋቹ ጋር ይሄዳል። 57 ተራ የተፈቀደለት መቺ 40ውን ጨርሶ ከተለወጠ፣ ለአዲሱ ቡድን 17 ብቻ ይቀሩታል። ይህ ካልተጻፈ ሁለት ሰዎች ተጫዋች እየተቀያየሩ ገደቡን ባዶ ያደርጉታል።
5. የሚቀጥለውን ዓመት የመምረጥ መብት መለወጥ የሚቻለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ የለወጠውም ሰው እንደሚመለስ አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ከልውውጡ በኋላ በደረጃ 4 የተጣለው ዝቅተኛ ግዴታ ከጎደለ፣ ልውውጡ ቢጸድቅም ተፈጻሚ አይሆንም።

## ደረጃ 9፦ ደረጃና ፍጻሜ

አራት ቡድን ይለፍ፤ ግማሽ ፍጻሜው በአምስት፣ ፍጻሜው በሰባት ጨዋታ ይሁን። ሁለት ቡድን እኩል ሲሆኑ የእርስ በእርስ ውጤታቸው ይታያል። ስድስቱን ጨዋታ ሦስት ለሦስት ከተካፈሉ አንድ ወሳኝ ጨዋታ ያድርጉ። ሜጀር ሊጉ በ2022 ይህን ጨዋታ ትቶ በሕግ ብቻ መለየት ጀምሯል፤ ለስምንት ጓደኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምሽት አይገኝም። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ በነጥብ ልዩነት ለዩአቸው።

በፍጻሜው የዕረፍት ሕጉ እንዳለ ይቀጥል። በእውነተኛው ውድድር ከ100 የመምታት ተራ ወይም ከ30 ኢኒንግ በታች የነበረው ግን አይሰለፍ፤ ይህ ካልተጻፈ አንድ እንደ ስፔንሰር ያለ ካርድ እስከ ፍጻሜው ተደብቆ ይቆያል።

## ደረጃ 10፦ ሰው ሲወጣና ክርክር ሲነሳ

የወጣ ሰው። መጀመሪያ ምትክ ፈልጉ፤ ምትኩ ቡድኑን እንዳለ ይረከባል። ምትክ ከጠፋና ቡድኑ ከ21 ጨዋታ በታች ካደረገ ውጤቱ በሙሉ ይሰረዛል። ከግማሽ ካለፈ ቀሪው በትእዛዝ ወረቀቱ ይጠናቀቃል። በሁለቱም ሁኔታ ተጫዋቾቹን መሃል ላይ አታከፋፍሉ። ቀድሞ የደረሰ ሰው ኮከቡን ይወስዳል፤ የሊጉ ሚዛንም ከዚያ በኋላ አይመለስም።

ክርክር። ጨዋታው በመሃል አይቁም። አሰልጣኞቹ የተከራከሩበትን ኢኒንግና ሁኔታ ጽፈው፣ ለጊዜው በሳንቲም ዕጣ ወስነው ይጨርሱ። ሰብሳቢው በሁለት ቀን ውስጥ ይፈርዳል፤ ውሳኔው ውጤቱን የሚለውጥ ከሆነ ጨዋታው ከዚያች ነጥብ ይደገማል።

የደንብ ለውጥ። መሃል ላይ የሚወጣ ለውጥ ተፈጻሚ የሚሆነው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ወዲያው እንዲሠራ ከተፈለገ ስምንቱም መስማማት አለባቸው፤ ሰባት አይበቃም። የተለወጠው አንቀጽ ከቀኑ ጋር በዚያው ሰነድ ይግባ፤ የቀድሞው ጽሑፍም ሳይጠፋ ከሥሩ ይቀመጥ።